ጉበት አይጠብቅም

በሬ ሲታረድ መጀመሪያ የሚበላው ጉበት ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ሁላችንም ግን እናውቀዋለን። ሥጋው ለቅርጫ ይመደባል፣ የተረፈው ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሆናል፣ ቆዳው ይወጠራል። ጉበቱ ግን ገና ሙቀቱ ሳይለቀው ተቆርጦ በሚጥሚጣ ይበላል፣ ወይ ለዱለት ይከተፋል። ዱብሉቅ የከብት ገበያ አጠገብ አድጌ ጉበትን ለነገ ያስቀመጠ ሰው አላየሁም። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ቃል ነው፦ «አይጠብቅማ!»

አጎቴ በዚያ ገበያ የከብት ደላላ ነበር። አንድ ክረምት ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሰፈሩ «የወፍ በሽታ ነው» አለ፤ የሚጠጣ ቅጠልም ታዘዘለት። ሆዱ ማበጥ ሲጀምር ወደ ሐኪም ተወሰደ። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ ለብዙ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ጉበቱን ሲያቆስል፣ ቁስሉም ጠባሳ እየሆነ ሲሄድ ኖሯል። ዋናው መፍትሔ የሌላ ሰው ጉበት መተካት እንደሆነ፣ እሱም ውጭ ሀገር እንደሚሠራ ተነገረው።

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለነበርኩ ሁሉን የማውቅ መስሎት ይጠይቀኝ ነበር። «የሞተ ሰው ጉበት ነው የሚሰጡት?» አለኝ። «ከሞተ ሰውም ይወሰዳል» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እና ስንት ሰዓት ይቆያል?» አለ። ዕድሜውን ሙሉ ከብት ከውሃ ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ሲያሰላ የኖረ ሰው ነው፤ ጥያቄው ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። እኔ መልሱን አላውቀውም ነበር። ሳቀና «ከዚህ ሜጋ አይደርስም በለኛ!» አለኝ።

በዚያው ዓመት አረፈ። ይህ ጽሑፍ ያኔ ያልመለስኩለት መልስ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

* * *

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የሞተ ነገር እንዳይበላሽ ማድረግ እኛ ከጥንት ጀምሮ የምናውቀው ሙያ ነው። ከዱብሉቅ ወደ ሜጋ ስትሄዱ ሶዳ የሚባል ቦታ አለ፤ አንዳንዱ ሰው ጨው ቤት ይለዋል። በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ጥቁር ሐይቅ ነው። ሰዎች ገደሉን ወርደው ከሐይቁ ጨው ያወጣሉ፣ አህዮች ጭነው ይወጣሉ። የቦረና እናቶች የወተት ዕቃውን በእንጨት ጭስ እያጠኑ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርጋሉ። ጨው፣ ጭስ፣ ፀሐይ፦ ሦስቱም ሥራቸው አንድ ነው፤ የሚያበላሹትን ረቂቅ ሕዋሳት ማሸነፍ። ቋንጣው ግን ተመልሶ ሥጋ እንዲሆን አንጠብቅም።

ለንቅለ ተከላ የሚወሰድ ጉበት ሌላ ነገር ነው። ከአንድ ሰው ወጥቶ፣ መንገድ ተጉዞ፣ ሌላ ሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ እንደገና ሐሞት ማመንጨት አለበት። ሳይበላሽ መቆየቱ ብቻ አይበቃም፤ በሕይወት መቆየት አለበት። ጉበት ደግሞ ሥራ የማይፈታ አካል ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ ደም የሚያገኘው በሁለት በር ነው። አብዛኛው ከአንጀት ተነሥቶ በትልቁ ደም መልስ ይመጣል፤ ቀሪው ኦክስጅን የጠገበ ሆኖ በደም ቅዳ ይገባል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲቆረጡ ያ ሁሉ ህዋስ በያለበት መራብ ይጀምራል። በሰውነት ሙቀት ላይ ከሆነ ብዙ አይቆይም። አጎቴ አልተሳሳተም፤ እንዲሁ ብትይዙት ሜጋ አይደርስም።

* * *

ይህን ችግር መጀመሪያ በቁም ነገር የያዙት ሁለት የማይመስሉ ሰዎች ናቸው። አንዱ አሌክሲ ካሬል የተባለ ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ነው። በ1894 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮን ከተማ ውስጥ በጩቤ ተወግቶ ሲሞት ካሬል እዚያው ከተማ ውስጥ ሕክምና የሚማር ወጣት ነበር። የተቆረጠውን ደም ስር የሚሰፋ ሰው ባለመኖሩ ነው የሞተው ብሎ ተንገበገበ። የደም ስር አሰፋፍ ዘዴውን ሠራ፤ በ1912ም የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ደም ስር መስፋት ከተቻለ አካልን አውጥቶ ሌላ ቦታ መስፋትም ይቻላል ማለት ነው። የሚቀረው ጥያቄ «እስኪሰፋ ድረስ የት ይቀመጥ?» የሚለው ነው።

ሁለተኛው ሐኪም አይደለም፣ አብራሪ ነው፦ በ1927 አትላንቲክን ብቻውን ያለማቋረጥ በአውሮፕላን ያቋረጠው ቻርልስ ሊንድበርግ። የሚስቱ እህት ልቧን ታማ ስለነበር «ልብን ለጊዜው የሚተካ ፓምፕ ለምን አይሠራም?» ብሎ ሲጠይቅ ከካሬል ጋር ተገናኘ። በ1935 ሁለቱ ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ከመስታወት የተሠራ ፓምፕ አሳዩ። የእንስሳት ዕጢዎች ከሰውነት ወጥተው፣ ምግብና ኦክስጅን ያለው ፈሳሽ እየተላከላቸው ለቀናት ቆዩበት።

የካሬልን ስም ስናነሣ ሌላውንም ገጹን ማንሣት ተገቢ ነው፤ «ዝቅተኛ» ያሏቸውን ሰዎች ከዘር ሐረግ ማጥፋት የሚሰብከውን አስተሳሰብ የሚደግፍ ሰው ነበር። የአካልን ሕይወት ለማቆየት የደከመ ሰው የሰውን ሕይወት ሁሉ እኩል አላየም። ፓምፑ ግን ትክክለኛ ሐሳብ ይዞ ነበር፤ የሚወድቀው ገና ነውና ሐሳቡን እዚህ ላይ ያዙልኝ።

* * *

በታኅሣሥ 1954 ቦስተን ውስጥ የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደረገ። ሰጪውና ተቀባዩ መንታ ወንድማማቾች ነበሩ። ለእነሱ የማቆያ ጥያቄ አልተነሣም፤ ሁለቱም እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ናቸው፤ ኩላሊቱ ከአንዱ ክፍል ወጥቶ ወደ ሌላው ገባ። መንገዱ በእርምጃ የሚቆጠር ነው።

ጉበት ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም። በመጋቢት 1963 ዴንቨር ውስጥ ቶማስ ስታርዝል የመጀመሪያውን የሰው ጉበት ንቅለ ተከላ ሞከረ። ታማሚው የ3 ዓመት ሕፃን ነበር፤ ደሙ አልቆም ብሎ ቀዶ ጥገናው ላይ ሞተ። ቀጥሎ የተሞከሩትም አልሰነበቱም። ስታርዝል ሥራውን አቁሞ ቆይቶ በ1967 ተመለሰ፤ ያኔ ከአንድ ዓመት በላይ የኖሩ ታማሚዎች መገኘት ጀመሩ። የሰውነት መከላከያ አዲሱን ጉበት እንደ ጠላት ማየቱ ትልቁ ችግር ነበር። ከእሱ ጎን ለጎን ደግሞ ሰዓቱ ነበር። ለጋሹ ሌላ ከተማ ቢሆንስ? ቢመሽስ? አውሮፕላኑ ቢዘገይስ?

በዚያው በ1967 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ፎልከርት ቤልዘር የካሬልን ሐሳብ አንሥቶ በቅዝቃዜ ሞከረው። ከሞተ ሰው የተወሰደ ኩላሊት ማሽን ላይ አስቀምጦ ቀዝቃዛ ፈሳሽ እያዘዋወረበት 17 ሰዓት አቆየው፤ ተተክሎም ሠራ። የዛሬው የቀዝቃዛ ማሽን አያት ይህ ነው። ችግሩ ማሽኑ ትልቅ፣ ውድ፣ ባለሙያ የሚፈልግ መሆኑ ነው። መኪና ላይ ጭነው ነበር የሚያንቀሳቅሱት።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ ሎስ አንጀለስ ላይ ጄፍሪ ኮሊንስ ቀለል ያለ ነገር ይዞ መጣ። ማሽን የለም። ኩላሊቱን በአንድ ፈሳሽ አጥበህ፣ በዚያው ፈሳሽ ውስጥ ከረጢት አድርገህ፣ በረዶ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለህ። በቃ። የውሻ ኩላሊት በዚህ መንገድ 30 ሰዓት ቆይቶ ሠራ።

ሚስጥሩ ጨው ነው። የሶዳ ጨው ግን አይደለም። ህዋሳችን ውስጡ ፖታሲየም ይበዛዋል፣ ውጩ ደግሞ ሶዲየም፣ ማለትም የገበታው ጨው። ሁለቱን ለይቶ ለመያዝ ህዋሱ ቀን ከሌት ፓምፕ ይመታል። ቅዝቃዜ ያንን ፓምፕ ያቆመዋል፤ ሶዲየም ይገባል፣ ውሃ ተከትሎት ይገባል፣ ህዋሱ ያብጣል። ኮሊንስ የውጩን ፈሳሽ የህዋሱን ውስጥ እንዲመስል ፖታሲየም የበዛበት አደረገው። ውስጥና ውጭ ከተመሳሰሉ ማን ወዴት ይሮጣል?

እንግዲህ ሳጥን ማሽንን አሸነፈ። ርካሽ፣ ቀላል፣ በማንኛውም አውሮፕላን ወንበር ሥር የሚገባ! ለሚቀጥሉት 40 ዓመታት የንቅለ ተከላ ዓለም በበረዶ ሳጥን ሄደ። ለጉበት ግን የኮሊንስ ፈሳሽ የሚሰጠው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ነበር። በእኛ መንገድ እንለካው? ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዲላን ብዙም ሳያልፍ ሰዓቱ ያልቃል።

ዲላን ያሻገረው ያው ቤልዘር ነው። ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ከባልደረባው ጄምስ ሳውዛርድ ጋር በ1980ዎቹ አዲስ ፈሳሽ ሠራ፤ በዩኒቨርሲቲው ስም የዊስኮንሲን ፈሳሽ ይባላል። ውሃ ወደ ህዋሱ እንዳይገባ ውጭ ይዘው የሚያስቀሩ፣ ራሳቸው ግን በህዋሱ ግድግዳ የማያልፉ ትላልቅ ሞለኪውሎች ጨመሩበት። ከነሱ አንዱ ላክቶባዮኔት ነው፤ ከወተት ስኳር የሚሠራ። ይህን ሳነብ የወተት ዕቃ የሚያጥኑት እናቶች ትዝ አሉኝ። በእነሱ ሙያ ወተቱ እንዲሰነብት ይደረጋል፤ በዚህኛው ደግሞ ከወተት የወጣ ነገር ጉበትን ያሰነብታል።

ከ1988 ጀምሮ በወጡ ሪፖርቶች በዚህ ፈሳሽ የተያዘ ጉበት 20 ሰዓት አካባቢ ቆይቶም ሲሠራ ታየ። በተግባር ሐኪሞች 12 ሰዓትን ማለፍ አይወዱም፤ ቢሆንም ለውጡ ግዙፍ ነበር። ጉበት ከአንድ ግዛት ወደ ሌላ ግዛት መብረር ቻለ። በእኛ መንገድ ሐገረ ማርያምን አልፎ ያቤሎ አካባቢ ይደርሳል ማለት ነው። ዱብሉቅ ከዚያ ወዲያ ናት።

* * *

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ማሽኑን ማን ያነሣዋል? የመለሰው የለጋሾች መለወጥ ነው። የሚጠባበቀው ሰው በዛ፣ የወጣት ጤናማ ለጋሽ ጉበት አልበቃ አለ። ሐኪሞች የሽማግሌ ጉበት፣ ስብ ያለበት ጉበት፣ ልቡ ቆሞ ከሞተ ሰው የተወሰደ ጉበት መቀበል ጀመሩ። የመጨረሻው በተለይ ከባድ ነው፤ ወደ በረዶው ከመግባቱ በፊት በሙቀቱ ላይ እያለ ደም ተቋርጦበት ደቂቃዎች አልፈዋል። ተጎድቶ ነው መንገድ የሚጀምረው። እንዲህ ያለው ጉበት በረዶ ሳጥኑን ይችልና፣ አዲሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ደም ሲለቀቅበት ይታመማል።

ይህ ነገር የቦረና ሰው በደንብ የሚያውቀው ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው የከሸፉበትን ድርቅ ያየ ሰው ያስታውሳል። ከብቱ ድርቁን በአጥንቱ ችሎ ይቆይና ዝናብ በመጣ ሌሊት ይወድቃል። የተመኙት ዝናብ ራሱ ይገድለዋል፤ አቅም ያጣ ሰውነት ብርዱንም ጎርፉንም በአንዴ አይችልም።

በጉበቱ ህዋስ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። ቅዝቃዜ ረሃብን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም፤ 4 ዲግሪ ላይ እንኳ የህዋሱ ሥራ አንድ አሥረኛ ገደማ ይቀጥላል። ኦክስጅን ግን የለም። የህዋሱ ምድጃ ማይቶኮንድሪያ ይባላል። ኦክስጅን ሲያጣ ያላለቀ ማገዶ ይከማችበታል፤ ስሙ ሰክሲኔት ነው። ከዚያ 37 ዲግሪ የሞቀ፣ ኦክስጅን የሞላበት ደም በአንዴ ሲለቀቅ ያ ሁሉ ማገዶ ባንድ ጊዜ ይቀጣጠላል። እሳቱ ቤቱን ይበላዋል። በጣም የሚጎዱት ደግሞ የሐሞት መተላለፊያ ቱቦዎች ናቸው፤ ከወራት በኋላ ይጠባሉ፣ ታማሚው ዳግም ንቅለ ተከላ እስከመፈለግ ይደርሳል።

እንግዲህ ቀዝቃዛው ማሽን የመጣው ለዚህ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ምድጃውን ገና በብርዱ እያለ ቀስ ብለህ ለኩሰው። ጉበቱ በ10 ዲግሪ ገደማ ቅዝቃዜ ላይ እያለ ኦክስጅን የጠገበ ፈሳሽ በዝቅተኛ ግፊት ይዘዋወርበታል። የተከማቸው ማገዶ በዝግታ ይነዳል፣ የህዋሱ የኃይል ስንቅ ይሞላል። ደም ሲለቀቅ ቤቱ አይቃጠልም።

ኒው ዮርክ ውስጥ የጄምስ ጓሬራ ቡድን በ2010 ውጤቱን አሳተመ፤ 20 ሰዎች በቀዝቃዛ ማሽን የቆየ ጉበት ተተክሎላቸው ነበር፣ ለጉበት በሰው ላይ የመጀመሪያው ተከታታይ ሙከራ። ዙሪክ ውስጥ የፊሊፕ ዱትኮቭስኪ ቡድን ኦክስጅን ጨምሮበት ልባቸው ቆሞ ከሞቱ ለጋሾች በተወሰዱ ጉበቶች ላይ በ2012 ሥራውን ጀመረ። ከዚያ ሆላንድ ውስጥ ግሮኒንገን ላይ ሮበርት ፖርቴና ባልደረቦቹ ፈሳሹን በሁለቱም በሮች፣ በደም መልሱም በደም ቅዳውም፣ አስገቡት። በሆላንድ፣ በቤልጂየምና በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው አነጻጸሩ፤ ውጤቱ በ2021 ወጣ። ጉበታቸው በበረዶ ሳጥን ብቻ ከቆየው ሰዎች 18 በመቶው የሐሞት ቱቦ መጥበብ ገጠማቸው። ከመተከሉ በፊት ቢያንስ ሁለት ሰዓት በቀዝቃዛው ማሽን ካለፈው ደግሞ 6 በመቶው። ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ያ ጣጣ ሊገጥማቸው ከነበሩ ከሦስት ታማሚዎች ሁለቱን ታደገ።

የሞቀ ማሽንም አለ። ጉበቱን በሰውነት ሙቀት፣ በደም ያቆየዋል፤ ሲሠራም በዓይን ይታያል። ዙሪክ ውስጥ በእንዲህ ያለ ማሽን ሦስት ቀን የቆየ ጉበት በ2021 ተተክሎ፣ ታማሚው ከዓመት በኋላ ደህና መሆኑ በ2022 ተነግሯል። ነገር ግን ለእኛ ለመብራት መጥፋት ልማደኞች አንድ ልዩነት ልንገራችሁ። የሞቀው ማሽን ከቆመ ጉበቱ ወዲያው አደጋ ላይ ነው። ቀዝቃዛው ማሽን ቢቆም ግን ጉበቱ ያው ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ነው ያለው፤ ወደ በረዶ ሳጥን ዘመን ተመለሰ ማለት ነው እንጂ አልጠፋም። ለድሃ ሀገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

* * *

እና እኛስ የት ነን?

በሀገራችን ከሞተ ሰው ተወስዶ፣ በቅዝቃዜ ተይዞ፣ ለሌላ ሰው የሚተላለፍ የአካል ክፍል የለም እንዳትሉ። አለ። በ2003 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ከሟች ለጋሾች የዓይን ብሌን መስታወት፣ ኮርንያ፣ ይሰበስባል። ኮርንያ ዕድለኛ ነው፤ ደም ስር የለውም፣ ረሃቡ ቀላል ነው። በትክክለኛው ፈሳሽ፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ለእሱ ማሽን አላስፈለገም። ያስፈለገው «ዓይኔን ከሞትኩ በኋላ ስጡልኝ» የሚል ሰው፣ ቃሉን የሚያከብር ቤተሰብ፣ በሰዓቱ የሚደርስ ባለሙያ ነው።

ኩላሊት ደግሞ በመስከረም 2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ተጀመረ፤ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አብረው ነበሩ። ለጋሾቹ በሕይወት ያሉ ዘመዶች ናቸው። ወንድም ለወንድሙ፣ እናት ለልጇ። እዚህም እንደ ቦስተኑ 1954 ሰጪና ተቀባይ አንድ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ሰዓቱን ያሸነፍነው በመቀራረብ ነው። ትልቅ እርምጃ ነው። ጉበት የሚያስፈልገው ግን ገንዘብ ካለው ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም የጉበቱን ከፊል የሚሰጠው ዘመድ አብሮት ይበራል። ገንዘብ ከሌለው እንደ አጎቴ ነው።

ታዲያ ነገ አንድ ሰው ማሽኑን ቢያመጣልን ይበቃናል? አይበቃንም። ለምን እንደሆነ ዱብሉቅ ላይ ሆኜ ላስረዳችሁ።

ዱብሉቅ በቱላዎቿ ትታወቃለች። ቱላ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው፤ እስከ 30 ሜትር የሚወርድ አለው። በበጋ ጎረምሶች ከታች እስከ ላይ በየደረጃው ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን ከእጅ እጅ ይቀባበላሉ። ዘፈኑ ለጌጥ አይደለም፤ የእጁን ምት የሚጠብቀው እሱ ነው። አንዱ ቢያዛባ ውሃው ይፈሳል፣ ከላይ የተጠማው ከብት ይጮኻል። ከላይ ደግሞ ተራውን የሚጠብቅ ሰው አለ፤ አባ ሄሬጋ ይባላል። የማን ከብት ዛሬ ይጠጣ፣ የማን ነገ፣ የማን ከነገ ወዲያ የሚለውን እሱ ያስከብራል። በበጋ ከብት በሦስት ቀን አንዴ ሊጠጣ ይችላል፤ ተራ ከተዛባ የሚሞት አለ። ባለ ብዙ ከብት ነኝ ብሎ ዘሎ መግባት የለም።

የንቅለ ተከላ ታሪክም ከማሽኑ በስተጀርባ ያለው ይኸው ነው። በ1967 ዮን ቫን ሮድ የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም ሌይደን ላይ ዩሮትራንስፕላንትን ያቋቋመው በሀገራት መካከል የአካል ክፍል ለማን እንደሚስማማ፣ ለማን ተራው እንደሆነ ለመለየት ነው። በ1968 ደግሞ የሃርቫርድ ኮሚቴ የአንጎል ሞት ምን እንደሆነ ጻፈ፤ ሞት መቼ ነው የሚባለውን ማኅበረሰቡ ሳይስማማ ማንም ሐኪም ቢላዋ አያነሣምና። ሕግ፣ ዝርዝር፣ ላቦራቶሪ፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሣ ሰው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «የኔ ተራ አልተሸጠም» ብሎ የሚያምን ታማሚ። ማሽኑ በዚህ መሐል ካሉት እጆች አንዱ እጅ ነው። ባልዲውን ከበታቹ የሚያቀብለው፣ ከበላዩም የሚቀበለው ከሌለ ባዶውን ይቆማል።

* * *

የአጎቴን ጉዳይ ሳሰላስል ግን ሌላ ነገር ደነቀኝ። ለጉበት የሚሆን ቅዝቃዜ ዱብሉቅ አልደረሰም ስል ኖሬ ተሳስቻለሁ። ደርሷል።

በ2007 የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በሀገራችን ከሌሎች አራት ክትባቶች ጋር በአንድ መርፌ ተጠቃሎ ለሕፃናት መሰጠት ጀመረ። ይህ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ጉበት በበረዶ ሳጥን ከሚጓዝበት ቅዝቃዜ ጋር ተቀራራቢ ነው። ቢሞቅ ይደክማል፤ ወደ በረዶነት ቢለወጥ ደግሞ ከናካቴው ይበላሻል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎ መንገድ እስከ ጤና ኬላው ድረስ ቅዝቃዜው ሳይቆረጥ መምጣት አለበት። ማቀዝቀዣ ባለው መኪና፣ በፀሐይ ኃይል በሚሠራ ማቀዝቀዣ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትከሻ ላይ በተንጠለጠለች ሰማያዊ ሳጥን። ባለሙያዎች የቅዝቃዜ ሰንሰለት ይሉታል። እኔ ቱላ እለዋለሁ።

ያቺን ሳጥን ልጅ ሆኜ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። ልጅቷ ከሞተር ሳይክል ወርዳ አቧራዋን ታራግፋለች፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ግራር ሥር ይሰለፋሉ፤ ክዳኑ ሲከፈት ቀዝቃዛ አየር ፊታችን ላይ ይመጣል። ያኔ ለእኛ ጨዋታ ነበር፤ ቅዝቃዜውን ለመንካት እንጋፋ ነበር። ያ ቅዝቃዜ የእነዚያን ሕፃናት ጉበት ከ40 ዓመት በኋላ ከሚመጣ ጠባሳ ለማዳን የመጣ መሆኑን ማን ነገረን?

ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜም ይተላለፋል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ክትባት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰጥ የሚለው። እንደገና ሰዓት! ቤቷ ለወለደች፣ ከጤና ኬላ ለራቀች የቦረና እናት 24 ሰዓት ማለት ዙሪክ ውስጥ ላለ ቀዶ ሐኪም 12 ሰዓት ማለት የሆነውን ያህል ነው። ሁለቱም ከመንገድ ጋር ነው የሚታገሉት።

ንቅለ ተከላ አያስፈልገንም እያልኩ አይደለም። ያስፈልገናል፤ ዛሬ ጉበቱ የጠነከረበትን ሰው ክትባት አይመልሰውም፣ አጎቴንም አይመልሰውም ነበር። አንድ ቀን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጉበት ቀዝቃዛ ማሽን ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ወደ አንድ የሞያሌ ወይ የነገሌ ሰው ሆድ እንደሚገባ ተስፋ አለኝ። ያ ቀን ሲመጣ ግን ታሪኩን ዴንቨርና ግሮኒንገን ላይ ብቻ አንጀምረው። ሰማያዊዋን ሳጥን ሳታሞቅ አርባ ኪሎ ሜትር የተሸከመችውን ልጅ፣ የሟች አባቱን ዓይን ለማያውቀው ሰው የሰጠውን ልጅ፣ ለወንድሟ ኩላሊቷን የሰጠችውን እህትም እንጻፋቸው።

ለአጎቴ መልሱ ይኸው። ጉበት በእጅህ ይዘኸው ከሄድክ ሜጋ አይደርስም። በረዶ ውስጥ በትክክለኛው ጨው ካደረግኸው ያቤሎ ይደርሳል። እየተነፈሰ በብርዱ ከተጓዘ ዱብሉቅም ይደርስ ይሆናል። ግን አንተ እንደምታውቀው ነው፤ ውሃውን ከጉድጓዱ የሚያወጣው ባልዲው ብቻውን አይደለም።